ነጎድጓድ ሲመጣ የነቀልኩት ገመድ

ዳግም ልጄ፣
ባጃጅ ልታመጣ እንደወጣህ ነጎድጓዱ ጀመረ። መብረቅ ፈርቼ እንደ ልማዴ ያገኘሁትን ገመድ ሁሉ ነቀልኩ፤ "ፕሮግራሙ ተጭኖ እስኪያልቅ እንዳይነኩት" ያልከኝንም ጭምር። ልጄ ልደት በግራ እጇ ብቻ እንድትጽፍበት የሠራህላት ኪቦርድ ከዚያ ወዲህ ቢነኩትም አይሠራም።

ልደት ስትጠይቀኝ "ሳይጨርሰው ጥሎሽ ሄደ" አልኳት።
"ምን አደረግኩት?" ብላ አለቀሰች።


በሌላ ባጃጅ ጎባ ለጸሐፊነቱ ፈተና ይዣት እየሄድኩ ነው። እንዳትከተለን።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቀህ ብላ። ከዚያ ልብስህን ሰብስብና የተከራየኸውን ክፍል ቁልፍ ለጎረቤታችን ለአዴ ቢፍቱ ስጥልኝ።

እውነቱን ብትነግራት እክዳለሁ። አንተ ሌላ ቤት አታጣም፤ እኔ ግን ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

እትዬ ሠርከአዲስ