በአንድ ቡዜ ውስጥ ስለተጠቀለሉት ሠላሳ ዘጠኝ ሰዎች

ለክቡር አቶ ሰብስቤ
የዓይን ሕክምና ዘመቻ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ከነመላ ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የአዳማ ሙቀትና አቧራ ሳይነካዎ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም ሳይበላሽብዎ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻ ትንሽ ደክሞኛል። ስለ አንድ ጉዳይ ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ ሦስቱም «በሂደት ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ አራተኛውን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ ክብርዎን ለመንካት አይደለም። እዚያ የሚለጠፈውን ቢያንስ የጥበቃ ሠራተኛችን ጋሼ አብተው ያነቡታል።

ቅሬታዎቼን፣ ጊዜዎን ላለመሻማት፣ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1ኛ. አዲሱ የቢሮ ፕሮግራም ከመጫኑ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ በመረጃ ሥርዓት የተመረቅኩ የኮንትራት ሠራተኛዎ እንደመሆኔ፣ አንድ ገጽ ጽፌልዎ ነበር። ኢሜይሎቻችንና የታካሚዎች አድራሻ ያሉት በድሮው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ግልባጫቸውን በፍላሽ ላስቀር፣ ከተዛወሩም በኋላ ስንት እንደነበሩና ስንት እንደደረሱ ላመሳክር፣ ግማሽ ቀን ይበቃኛል የሚል ነበር። እርስዎም ውድ ጊዜዎን ሰውተው በኅዳጉ ላይ «ጊዜ የለም፤ ሪባኑ ተገዝቷል» ብለው መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። እውነትም ሪባኑ ተገዝቶ ነበር፤ ቀይ ነው፤ በአዲሱ ኮምፒውተር ዙሪያ ሲታሰር አምሮበት ነበር።

2ኛ. በምርቃቱ ዕለት፣ እንግዶች ባሉበት፣ በአንድ እጅዎ መቀስ እንደያዙ በሌላው እጅዎ ቁልፉን የተጫኑትም እርስዎ ነዎት። ፕሮግራሙ አድራሻዎቹን ከመቀበሉ በፊት በትሕትና አንድ ጥያቄ ጠይቆ ነበር፤ ስልካቸው አንድ ዓይነት የሆኑትን እንደ አንድ ሰው ልጠቅልላቸው ወይ አለ። እርስዎም «አዎ» አሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ከኋላ ስለቆምኩ ጥያቄውን ያነበብኩት ከጭብጨባው በኋላ ነበር።

ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች አንድ ስልክ የአንድ ሰው ነው ብለው ያምናሉ። አይፈረድባቸውም፤ አርሲ ነገሌን አያውቁም። እኛ ግን እናውቃለን። በእህል ገበያው ጥግ ቡዜ የሚባል ባለሱቅ አለ፤ ስልክ የሌለው ሁሉ «የት ልደውልልዎ?» ሲባል የሚሰጠው የእሱን ቁጥር ነው። ሞራ ዓይናቸውን የጋረደባቸውን ሠላሳ ዘጠኝ ሰዎች በገበያ ቀን ከሱቁ ደጃፍ በኩንታል ላይ ተቀምጬ የመዘገብኳቸው እኔ ነኝ፤ «ወረቀት ኋላ ቀርነት ነው» በሚለው መመሪያዎ መሠረት፣ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ። ዛሬ በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ ሠላሳ ዘጠኙ አንድ ሰው ሆነዋል። ስሙም «ቡዜ ሱቅ» ይላል። የየሰዉን የዓይን ልኬት የያዙት የሐኪሞቹ ኢሜይሎችም አልተሻገሩም፤ በአዲሱ ሳጥን ውስጥ ያለው መልእክት አንድ ብቻ ነው፤ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል።

3ኛ. ባለፈው ማክሰኞ ከቢሯችን ለ«ታካሚው» ተደወለለት። ቡዜም ለቀዶ ሕክምና ተራ እንደደረሰው ሲነገረው፣ «ዓይኔ? የእኔማ ዓይን ከመንገድ ማዶ የቆመ አይሱዙ ታርጋ ያነባል!» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ወዲያው «ታካሚው ሕክምናውን አልፈለገም» ተብሎ ተመዘገበ፤ በአንድ ቡዜ እምቢታ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው እምቢ አለ። በወሩ ሪፖርትዎ ላይ «በአርሲ ነገሌ አካባቢ የሕክምናው ፍላጎት ቀንሷል» የሚለውን ሳነብ፣ እንዴት ያለ ፈጣን ትንታኔ ነው ብዬ ተደንቄያለሁ።

በራሴ ካርድ መልሼ ደወልኩለት። ነገሩን ሲረዳ ደነገጠ። «ስማቸውን ብቻ ላኪልኝ፣ እኅቴ፤ ቅዳሜ ገበያው መሃል ቆሜ አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ። ዝም ብዬ ‹ዓይን› ብዬ ከጮኽኩማ ገበያው እንዳለ ይሰለፍብኛል» አለኝ። ሐኪሞቹ የሚመጡት ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው፤ አምስት ቀን ቆይተው ይሄዳሉ፤ ተመልሰው የሚመጡት በዓመቱ ነው።

እኔ በቃሌ የማውቀው አራት ስም ብቻ ነው። አንዷ አዴ ጉዲቱ ናቸው፤ ስመዘግባቸው ፊቴን በእጃቸው ዳስሰው፣ «ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ የማየው አንቺን ነው፤ አደራ፣ ቆንጆ ሆነሽ ጠብቂኝ» ብለውኛል። ሠላሳ አምስቱን ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ረስቻቸዋለሁ። ኮምፒውተር ያስታውስልኛል ብዬ ነበር።

4ኛ. የሚያስታውሰው ኮምፒውተር ደግሞ አለ። ከዚህ ሰሌዳ ሠላሳ እርምጃ ርቆ፣ በንብረት ክፍል ስቶር ውስጥ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ተቀምጧል፤ «ያገለገለ ዕቃ» ተብሎ የፊታችን ሐሙስ በጨረታ ይሸጣል። የንብረት ክፍሏ እትዬ ሮማነወርቅ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ የዕቃ ማውጫው ቅጽ፣ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ እንኳን ኮምፒውተር ዝንብም ከዚህ አይወጣም» አሉኝ። እኔ የጠየቅኩት ማውጣት ሳይሆን ፍላሽ ይዞ መግባት ነው ብላቸው፣ ለመግባትማ ጭራሽ ቅጽ የለውም፣ የአቶ ሰብስቤ ፊርማ ያስፈልጋል አሉ። ሦስቱ ማመልከቻዎቼ የዚያ ፊርማ ጥያቄዎች ነበሩ።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነው፤ አንድ ፊርማና ግማሽ ቀን። ሪባን አያስፈልግም፤ እንግዳም አይጠራ፤ ማንም አያጨብጭብ። እስከዚያው ድረስ ግን ስላስተማሩኝ ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ሙሉ መረጃ እንዴት እንደሚጠበቅ ሲያስተምረኝ፣ ከማን እንደሚጠበቅ አልነገረኝም ነበር።

ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለብዕርዎ ብርታት፣ ለማየት ለሚጠባበቁትም ትዕግሥት እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

ታዛዥዎ ልዩ
የመረጃ ባለሙያ (በኮንትራት)

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል
ለጋሼ አብተው
ለቡዜ ሱቅ (በውስጡ ላሉት ለሠላሳ ዘጠኙም)

ማሳሰቢያ፦ ፊርማዎ እስከ ረቡዕ ባይደርስ እንዳይጨነቁ። ኮምፒውተሩ የሚሸጠው በምድብ 3፣ ከሦስት ወንበርና ከአንድ የማይዞር ቬንትሌተር ጋር መሆኑን አይቼ የጨረታውን ሰነድ ዛሬ ጠዋት በስሜ ገዝቻለሁ። ካሸነፍኩ ወንበሮቹን ጠግኜ፣ ባለጉዳይ ቆሞ ለሚጠብቅበት ኮሪደራችን በስጦታ እመልሳለሁ። «የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ መጫረት አይችልም» የሚለውን አንቀጽ በሚገባ አንብቤዋለሁ፤ የእኔ ውል ግን የሚያበቃው ረቡዕ ነው። ስላላደሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።