«ሙቀቱ ነው» ያለችው ልጅ

ግንቦት 4

ዛሬም አርባ ዲግሪ። ሰመራ ላይ ሰው ሰላም ከተባባለ በኋላ ስለ ልጅ አይጠያየቅም፤ «ስንት ገባ?» ነው የሚባባለው።

ከሰዓት ከተማሪዬ ከፋሪሃ ጋር ልምምድ። እንደ ልማዳችን ኮምፒውተር ክፍል። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ኤሲ ያለው እዚያ ብቻ ነው... ለኮምፒውተሮቹ ተብሎ ገባ፣ የምንጠቀምበት ግን እኛ። ራጉኤል፣ የኮምፒውተሩ አስተማሪ፣ አሥራ ስምንት ላይ አድርጎ ጃኬት ለብሶ ይቀመጣል። ሰመራ ውስጥ ጃኬት! በርዶት መስሏችሁ? ከአዲስ አበባ መምጣቱን እንዳንረሳበት ነው።

እሷ ዋሽንት፣ እኔ ኪቦርድ። የባቲ ቅኝት። ዛሬ እንዴት እንደነፋችው... ክንዴን ውርር አደረገኝ። ሰኔ 14፣ በተማሪዎች የሙዚቃ ቀን፣ ለብቻዋ መድረክ ትወጣለች። እናቷ መዲና ከአዋሽ ትመጣለች። አዲስ አበባ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ትመዝገብ ወይስ አዋሽ ተመልሳ ሂሳብ አያያዝ ትማር? «ልስማትና እወስናለሁ» ብላለች። ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት፤ አንዴ ካለች አለች ነው የሚሏት።

ግንቦት 11

ፋሪሃ የምትኖረው እዚህ አጠገብ ሎግያ ከተማ፣ አጎቷ ጋ ነው። የኪቦርዱን ድምፅ በስልኳ ቀድታ ከአጎቷ ሱቅ ጀርባ ትለማመዳለች። ዛሬ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ቲቸር፣ ሎግያ ላይ አይገጥምም።»

«ምኑ?»

«ዋሽንቱና ኪቦርዱ። ማለዳ ይሻላል፣ ከሰዓት ግን ዋሽንቱ ከፍ ይልብኛል። ወላሂ ቲቸር፣ ሙቀቱ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ምን ላድርግ? እዚህ አገር በሙቀት ያልተሳበበ ምን አለ? ደብዳቤው ዘገየ፣ ሙቀቱ ነው። ባል አኮረፈ፣ ሙቀቱ ነው።

«ትንፋሽሽን ስለምታበዢበት ነው። እዚህ ይገጥም የለ?»

«ይገጥማል።»

«እንግዲያው?»

ዋሽንቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ያመነች መሰለኝ።

ግንቦት 12

ሻይ ክበብ ውስጥ ለነኩኩ አወራሁላቸው። ኩኩ አማርኛ ታስተምራለች፤ አፏ ከኔ አይሻልም። የፋሪሃን ድምፅ አስመስዬ «ወላሂ ቲቸር» ስል በሳቅ ሻይዋን ቀሚሷ ላይ ደፋች። እስከ ምሳ ድረስ ግቢው በሙሉ «ሙቀቱ ነው» ይባባል ነበር።

ጥሩ ቀልድ ወጣው።

ግንቦት 25

«አንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ እንሞክረው?» አለችኝ ፋሪሃ። አዳራሹ? ያ ቆርቆሮ? በዚህ ወበቅ?

«በዕለቱ እንገባበት የለ» አልኳት። ኤሲው ሥር ቁጭ ብዬ።

ሰኔ 13

መዲና ገባች። ሰባት ሰዓት መኪና ላይ ቆይታ፣ ሻርፗ እንኳን አልተጨማደደም። ለልጇ አዲስ ቀሚስ ይዛላት መጥታለች። ወደ ጎን ሳበችኝ።

«መምህርት፣ እኔ ዋሽንት አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ልጄ ሰው ፊት ታፍራለች?»

«አታፍርም» አልኳት። በሙሉ አፌ።

ሰኔ 14

መጻፍ አልቻልኩም። ልጻፈው ግን።

ለጠዋት ሦስት ሰዓት የተጠራው ፕሮግራም እንግዶቹ እስኪመጡ ስምንት ሰዓት ሆነ። ቆርቆሮው ከላይ ይንጣጣል፣ ሰው በፕሮግራሙ ወረቀት ያራግባል። ፋሪሃ ወጣች። መግቢያውን ብቻዋን ነው የምትነፋው። አዳራሹ ጸጥ አለ... ሕፃን ሲያለቅስ እንኳን እናቱ ይዛው ወጣች። መዲና ሁለተኛ ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አፏ በትንሹ ተከፍቶ ትሰማለች።

ከዚያ እኔ ገባሁ።

አልገጠመም። ያንኑ ዜማ ነው የምንጫወተው፣ ግን የተጣሉ ጎረቤታሞች በየቤታቸው የሚጫወቱት ይመስላል። ዞር ብላ አየችኝ። ምን አሰብኩ? ተሳሳተች አልኩ። ደነገጠች አልኩ። ልመልሳት ብዬ ኪቦርዱን ጮክ አደረግኩት! እሷ ዝቅ ለማለት ትንፋሿን ቀነሰች፣ ድምፁ ተቆራረጠ። እጄን ከኪቦርዱ ባነሳ ኖሮ... እጄን ብቻ።

ከመምህራኑ ረድፍ ኩኩ «ሙቀቱ ነው!» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ፋሪሃ ዋሽንቱን አወረደች። ኩኩን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። ያቺን ነገር ለማን ብቻ እንደተናገረች ታውቃለቻ። በጎን በር ወጣች።

እኔስ? ዜማውን እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ብቻዬን። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አጨበጨቡልኝም።

ሰኔ 15

በማለዳው መኪና ወደ አዋሽ ሄደዋል። እናትና ልጅ።

ሰኔ 19

ኪቦርዱን ላመጣ በእኩለ ቀን አዳራሹ ገባሁ። ማንም የለም። ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ የራሴን ዋሽንት ከቦርሳዬ አወጣሁ። ነፋሁ፣ ኪቦርዱን ነካሁ። አልገጠመም።

ትንፋሼን ቀነስኩ። አልገጠመም።

ኪቦርዱን ተሸክሜ ኮምፒውተር ክፍል ገባሁ። ጥቂት ጠብቄ ነፋሁ። ገጠመ! ተመልሼ አዳራሽ። አልገጠመም። ሦስት ጊዜ ስመላለስ ራጉኤል ጃኬቱን እንደለበሰ ተከተለኝ።

«አንቺ፣ ደኅና ነሽ?»

ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ ፈለገና አነበበልኝ። አየር ሲሞቅ የዋሽንት ድምፅ ከፍ ይላል። ኪቦርድ ግን የኤሌክትሪክ ነው፣ ቢሞቅ ባይሞቅ ግድ የለውም።

«ደግሞ እኮ ኪቦርዱ የድምፅ ማስተካከያ አለው» ብሎ ከጎኑ ያለች ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ጫን ጫን አደረጋት። ነፋሁ። እዚያው፣ ቆርቆሮው ሥር፣ ገጠመ።

ሁለት ዓመት አስተምሬበታለሁ። ያቺን ቁልፍ ነክቻት አላውቅም።

ልጅቷ ልክ ነበረች። ከመጀመሪያው ጀምሮ።

ሰኔ 22

ልደውልላት ነበር። ኔትወርክ የለም።

ሰኔ 23

ዛሬ ኔትወርክ ነበር። ትናንትም ነበር።

ሰኔ 29

የተማሪዎች ውጤት ካርድ እየሞላሁ ነው። ካርድ ልጨርስና እሄዳለሁ። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም... አይደለም እንዴ? «አጥፍቻለሁ» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ሐምሌ 8፣ አዋሽ

የመዲና ምግብ ቤት ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አለፍ ብሎ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮች ሞልተውታል። ፋሪሃ ሽርጥ ታጥቃ ሳህን ታነሳለች። ስታየኝ ሳህኑን አላስቀመጠችም።

«ቲቸር። ምሳ በልተዋል?»

መዲና ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ፋሪሃ በሩ ላይ ቆመች። ሁሉንም ነገርኳቸው። ኤሲውን፣ ቆርቆሮውን፣ ቁልፏን። ሻይ ክበቡን መጨረሻ ላይ ተናገርኩት።

መዲና በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ያን ቀን መንገዱን ሙሉ አላናገርኳትም። ገዋኔ ላይ ውሃ ስትለምነኝ እንኳ ጠርሙሱን ነው የሰጠኋት፣ ፊቴን አዙሬ። ሰው ፊት አዋረደችኝ ብዬ።» ወደ ልጇ ዞረች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለቲቸር ነግሬ ምን አተረፍኩ?» አለች ፋሪሃ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

መዲና ወደኔ ተመለሰች። «መቼ ነው ይህን ያወቁት?»

«ሰኔ... 19።»

«ፋሪሃ፣ የአዲስ አበባው ምዝገባ መቼ ነበር የተዘጋው?»

«ሰኔ 30።»

ከውጭ አንዱ ሾፌር ሂሳብ እያለ ያጨበጭባል። ማንም አልሄደለትም።

መዲና አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ዘንድሮ አለፈ» አለች። «ለከርሞ አላህ ያውቃል።» ለመንገዴ ሳምቡሳ አስቋጠረችልኝ። እምቢ ብል አልሰማ አለች።

ፋሪሃ እስከ መኪናው ሸኘችኝ።

«ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ከዚያ ጥቂት ቆይታ፣ «ለነሱስ? ሲስቁ ለነበሩት?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«እንደዚያ ቀን አድርገው ይንገሯቸው። ሁሉም እንዲሰማ።»

መስከረም 14

ትምህርት ተጀመረ። ሻይ ክበቡ ጢም ብሏል። ኩኩ ክረምቱን ደሴ ቆይታ መጥታ፣ የማንን ሠርግ እንዳየች እያወራች ታስቃለች። «አንቺ ደግሞ ምን ይዘሽልን መጣሽ?» አለችኝ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔ ከሆንኩ መቼም የሚያስቅ ነገር አለ ብለው።

ቆሜ ነገርኳቸው። የማንንም ድምፅ ሳላስመስል። መሃል ላይ ውሃ ጠጣሁ። ራጉኤል ብርጭቆውን እያየ ራሱን ነቀነቀ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሰው ፈገግ ብሎ ነበር፣ ቀልዱ እስኪመጣ። አልመጣም።

ኩኩ ስልኳን አወጣች።

«ቁጥሯን ስጪኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ሰጠኋት። እዚያው ደወለች፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍታ። ጠራ... ጠራ... አልተነሳም።

«ክፍል ትሆናለች» አልኩ። «አዋሽ ሂሳብ አያያዝ ጀምራለች፤ ጠዋት ነው የሚማሩት።»

ኩኩ ደግማ ደወለች።