ክብሪት የማይጫርበት ክፍል

ሰብልዬ፣ ኡራኤል ከራስጌሽ አይለይሽ። እኛ ደህና ነን፤ የጓሮው ኮክም ደርሷል።

አክስትሽ የሻረግ እንደነገረችኝ፣ የሮም ሐኪሞች የሚጥል በሽታሽን በካሜራና ራስ ላይ በሚለጠፍ ሽቦ ለመከታተል ሆስፒታል ሊያስተኙሽ ፈልገዋል፤ አንቺ ግን «ስወድቅ ሰው አያየኝም» ብለሻል።

ትናንት በህልሜ፣ ጣሪያው ሰማይ በሆነ ክፍል ውስጥ ተኝተሽ አየሁሽ። ሲጥልሽ፣ እዚህ እንደለመድኩት አፍንጫሽ ስር ልይዝልሽ ክብሪት ብጭር ብጭር አልነድ አለኝ። አንቺ ግን ቀስ ብለሽ በራስሽ ነቃሽና ሳቅሽብኝ።

ካሜራው እንደ እኔ አይደነግጥም ልጄ፤ ክብሪት ፍለጋም አይሮጥም። ዝም ብሎ ያይሻል።

ውሳኔው ያንቺ ነው፤ እምቢ ብትዪም ምርቃቴ አይጎድልብሽም። እሺ ካልሽ ግን፣ እባክሽ ሹሩባሽን የሻረግ ትፍታልሽ፤ ሽቦውን የሚለጥፉት ስመርቅሽ እጄን የማሳርፍበት ላይ ነው።

እናትሽ ዓለም