ሆድህን የምታውቀው ሴት

ጌቱዬ፣ የኔ ጌታ፣

ተለይተኸኝ ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። ደብዳቤ በናፍቆት ይጀመራል፤ ናፍቆቱማ ሞልቶ፣ ግን ቅናቴ ቀደመው፣ ምን ላድርግ! ሴት በሞተ ባሏ ትቀናለች ወይ እንዳትለኝ። ትቀናለች።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሜሮን ሥራ ቀይራ ስፕሪንግፊልድ ገብታለች፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። የሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርታማችን ሊፍት ተሠራ፤ አንተ ደረጃውን እያቃሰትክ ስትወጣ ከርመህ፣ ልክ ስትሞት! መኪናህን ሸጥኩት። ሸሚዞችህን ለማንም አልሰጠሁም፤ ጠረንህ ግን ለቋቸዋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለቅሶህ ላይ አንዲት ወጣት ጥግ ይዛ ስትንሰቀሰቅ አክስቶችህ «ማናት?» ብለው በዓይናቸው ጠየቁኝ። እኔም አላወቅኳትም። ልቤ ክፉ ክፉውን አሰበ። ለካ እዚያው ስፕሪንግፊልድ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ ሸሚዝህን ተኩሰህ «ቼካፕ አለብኝ» እያልክ ዘንዷ የምትሄደው ተመራማሪ፣ ዶክተር ሳባ ኖራለች።

ከአርባህ በኋላ ጠራችኝ። አንድ ነገር ብትሆን እንድትነግረኝ አደራ ብለሃት ነበር። ሄድኩ። አንጀትህ መቆጣቱን አውቅ ነበር፤ «ትንሽ ነው፣ በኪኒን ይተዋል» ብለኸኛል። ቀይ ወጤን በበላህ ቁጥር በማግስቱ እንደምትሰቃይ ግን ከእሷ ሰማሁ። እንዳይከፋኝ ብለህ ስትውጥ ኖረሃል። እኔ ደግሞ ትሪውን ጠርገህ ስትበላ ደስ እያለኝ እጨምርልህ ነበር! ሞትህ ከልብህ እንጂ ከአንጀትህ እንዳልሆነ ሐኪሞቹ ባይነግሩኝ ኖሮ አብጄ ነበር።

ያቃጠለኝ ግን ይሉኝታህ ብቻ አይደለም። እኔ «ምን ሆነሃል?» ስልህ «ደህና ነኝ፣ ተይኝ ባክሽ» ትላለህ። እሷ ስትጠይቅህ የበላኸውን፣ ሽንት ቤት የሄድክበትን ሳይቀር ዘርዝረህ ትነግራታለህ። በመልኳ አልቀናሁም። ያገባሁህ እኔ፣ ሚስጥርህ ግን እሷ ዘንድ!

ሥራዋንም አስረዳችኝ። ሆዳችን ውስጥ ከባክቴሪያው ሌላ ፈንገስም ይኖራል አለች፤ ሊጥ የሚያነሳው እርሾ ዘመዶች። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የላቸውም፤ እንዲያውም ሰውነት መከላከያውን የሚለማመደው በእነሱም ነው ይባላል። አንቲባዮቲክ ጎረቤቶቻቸውን ባክቴሪያዎቹን ሲጨርስ ግን አንዳንዱ ቤቱን ለብቻው ይይዘዋል። ያንተም ሆድ ሳንባህ ታሞ ያን ሁሉ መድኃኒት ከወሰድክ ወዲህ እንዲያ ሆኖ ነበር። ፈንገሱ በሽታውን አባባሰው ወይስ በሽታው ፈንገሱን አበዛው፣ ገና አላወቁም። ካንተም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ትንሽ ክብ ሳህን አሳየችኝ፤ ላዩ ላይ የወተት ጠብታ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች። «የጋሽ ጌቱ ናቸው» አለች። ከሆድህ የወጡት በብርቱ በረዶ ውስጥ ተቀምጠው ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሲሞቁ ያድጋሉ። ጌቱዬ፣ እኔ ጠረኑ የጠፋ ሸሚዝ ታቅፌ አድራለሁ፤ እሷ ካንተ የተረፈውን ሕያው ነገር ፍሪጅ ውስጥ ቆልፋበታለች። ስጪኝ አልኳት። ወደ ቤት አይወሰድም አለች፤ «ግን ፋሚሊው ካልፈለገ ሳምፕሉን ዲስካርድ እናደርጋለን፣ እርስዎ ይወስኑ።»

ለእኔ ካልሆነ ለማንም አይሁን አልኩ። ወራት ሙሉ ይጣል ስል ቆየሁ። ሜሮን ተቆጣች፤ «ማሚ፣ ዳድ ሰው እንዲድን ብሎ ነው የሰጠው፣ ፕሊስ!» አለችኝ። ልጅህ ላንተ ማድላቷን መቼ ተወች! እውነቷን ነው፤ እንዳንተ ሽንት ቤት ተዘግቶበት የሚያለቅስ ስንት አለ። ግን እውነት ቅናትን መች ያበርዳል?

ባለፈው ሳምንት አሌክሳንድሪያ ተመልሼ ሄድኩ። «አይጣል» አልኳት። «ግን እኔንም አስገቢኝ።» ለማነጻጸር ጤነኛ ሰውም ይፈልጋሉ። አስፈርማኝ መጠየቅ ጀመረች። ካንተ ወዲህ እህል እንደማይወርድልኝ፣ ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት እንደሚያስጠላኝ፣ ሆዴ ሌሊት እንደሚጮህ፣ ለሜሮን እንኳ ያልነገርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። አትደነግጥም፣ አይከፋትም፣ እየጻፈች ትሰማለች። ለምን እንደነገርካት ያኔ ገባኝ። ገባኝ እንጂ አልበረደልኝም።

አንድ ቤት የኖሩ፣ ከአንድ ትሪ የበሉ ሰዎች ሆዳቸው ውስጥ ያለው ሊመሳሰል ይችላል፤ የእርስዎንና የጋሽ ጌቱን አመሳክሬ ልንገርዎት ወይ አለችኝ። አልፈልግም አልኳት። ስንት ዓመት በእጄ አጉርሼህ አሁን ከእሷ ማስረጃ ልቀበል? የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእኔ የወሰደችው ሳምፕል በረዶው ውስጥ ካንተ አጠገብ እንዲቀመጥ። እሺ ብላ እያየኋት አስገባችው።

እንግዲህ ጌቱዬ፣ ከእሷ ጋር ብቻህን አይደለህም። ቀይ ወጡንም ትቼዋለሁ፤ ለሙት ዓመትህ አልጫ ነው የምሠራው፣ እንግዳው ያጉረምርም። አልረሳህም። ረስቼህ ለእሷ ልተውህ እንዴ?

ሚስትህ ዘውዴ