ዝምነሽ ያመጣችው ዘይት

ጎንደር፣ የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

አብሮ አደጌ ዝምነሽ ዘመድ ልትጠይቅ ከእስራኤል ስትመጣ ለልጄ ለማህሌት ያመጣችላት ዘይት ዛሬ ተደፋ። ከካናቢስ የተጨመቀ ነው፤ ግን የማያሰክረው ዓይነት። «እዛ ሐኪሞች የሚጥል በሽታ ላለባቸው ልጆች ያዝዙታል» ብላኝ ነበር። ከክኒኗ ጋር ከምላሷ ሥር ጠብ አደርግላት ጀመር። መውደቋ ጨርሶ ባይቀርም ቀነሰ። ነቃ ብላ ምስር ትለቅምልኝ ጀመር።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ጠርሙሱ ላይ የተሳለውን የካናቢስ ቅጠል አየ።

«ምነው አንቺ፣ ለልጄ ሐሺሽ ትሰጫታለሽ?»

«አያሰክርም እኮ! ሲሻላት አላየህም?»

«ፖሊስ ቢሰማስ? ጎረቤትስ ምን ይለናል?»

ክንዱን ይዤ ብጎትተውም ጓሮ ወስዶ ደፋው።

ከሰዓት በኋላ ማህሌት ደጃፍ ላይ ወደቀች። ግንባሯ ተፈነከተ። በሽታው እስኪለቃት ድረስ ባለቤቴ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ከዚያ ፊቴን ሳያይ፣ «ዝምነሽ ሌላ ይኖራት ይሆን?» አለኝ።

ትናንት ወደ እስራኤል ስትመለስ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኛት እሱ ራሱ ነው። ከምን እንደተጨመቀ ሳያውቅ «መድኃኒትሽ ልጄን መለሰልኝ» ብሎ ሲመርቃት አጠገቡ ነበርኩ።

የማህሌትን ደም ጠርጌ ገባሁ።