ሕመሙ ከሄደ በኋላ

ኅዳር 3
ዛሬም ቤት። መስኮቱ ዝግ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ። እማዬ የምጠጣውን ውኃ እንኳ ሳታሞቅ አትሰጠኝም። ዝናብ ቢሆን እሺ... ውጭ እኮ ጠራራ ፀሐይ ነው!

ኅዳር 5
ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ የደሜን ውጤት አይቶ ፈገግ አለ። ከራሴ የወሰዷቸውን ሕዋሳት ጂናቸውን አርመው ከመለሱልኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ሕመሙ አንድም ቀን አልተነሣብኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ብርድ በነካኝ ቁጥር ደሜ እንደ ማጭድ እየታጠፈ ሥሬን ሲዘጋው፣ አጥንቴ ውስጥ እሳት ሲነድ... እሱ ሁሉ ቀረ?
«ሥራ ግቢ፣ ዋኚ፣ እንደ ሰው ኑሪ» አለኝ።
እማዬ ቀበል አድርጋ፣ «ብርድ ግን መንካት የለባትም፣ አይደል ዶክተር?»
ጂኔስ ታረመ። እናቴን ማን ያርምልኝ?

ኅዳር 9
ጓደኛዬ ሲባጎ ደወለች። ቀጭን ስለሆነች ነው እንዲህ የምንላት። የምትሠራበት አበባ መሸጫ ሰው ይፈልጋል። ሰኞ ጀምሪ አለችኝ። አበባው የሚቀመጠው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ነው። ድሮ ቢሆን እዚያ ገብቼ በቃሬዛ ነበር የምወጣው። እሺ አልኩ! ልቤ እንዴት እንደዘለለ... ለእማዬ ግን ምን ብዬ ልንገራት?

ኅዳር 10
ነገርኳት። «ደግ» ብላ ኩሽና ገባች። ስከተላት ምድጃው ፊት ቆማለች፣ እጆቿ የሚይዙት አጥተው። ለእኔ ስትል አስተማሪነቷን ትታ ዕድሜዋን እግሬን ስታሽ ፈጀች። ከእንግዲህ ማንን ትሽ?
ሳላስበው አመለጠኝ። «እማ... እግሬን ትንሽ ይዞኛል።»
ወዲያው ውኃ ጣደች፣ ቅባት አመጣች፣ ተቆጣች፣ ነፍስ ዘራች። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ኅዳር 13
ሰኞ። አልሄድኩም። ሁለት ብርድ ልብስ ውስጥ ላቤ ይንቆረቆራል። ጤነኛ ሆኜ ተኛሁ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ... አሁን «ተሻለኝ» ብል ነገ ደግሞ ፊቷን እንዴት አየዋለሁ? ስታመም እንኳ እንዲህ ታፍኜ አላውቅም። ሲባጎ እስከ ሐሙስ እንደሚጠብቁኝ ነገረችኝ።

ኅዳር 14
አንድ ነገር ገርሞኛል። እማዬ ለሐኪሙ አልደወለችም። ድሮ ገና ፊቴ ሲጨማደድ ስልኩ ጆሮዋ ላይ ነበር።

ኅዳር 15
አልቻልኩም። እግሬን እያሸች ሳለ አወጣሁት።
«እማ፣ አላመመኝም። ዋሽቼሽ ነው።»
እጇ አልቆመም። «አውቃለሁ።»
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ከመጀመሪያው። አንቺ የምር ሲያምሽ መች ትናገሪያለሽ? ጥርስሽን ነክሰሽ ዝም ነው።»
«ታዲያ ለምን...?»
«ሌላ ምን አውቅበታለሁ፣ ልጄ?»
እኔ አለቀስኩ። እሷ የቅባቱን ክዳን ገጥማ፣ «በይ ነገ ሥራሽ ሂጂ» አለች።

ኅዳር 16
አበባ ስደረድር ዋልኩ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ከዚያ ሞቁ፣ በቃ። ብርድ ማለት ይሄ ብቻ ነው? ሰው ሁሉ ይሄን ሲያውቅ ነው የኖረው?
ስመለስ ቤቱ ተቆልፏል። እማዬ የለችም። ስልኳ ዝግ። ጎረቤት ጠየቅኩ፣ ደጅ ቆሜ ጥፍሬን ጨረስኩ። በኋላ ስትመጣ ጮኽኩባት። «የት ጠፍተሽ ነው? ሰው ያስባል አይባልም?»
ፀጉሯን ተሠርታለች። ሣቋን መቆጣጠር አቅቷት ባጠገቤ አልፋ ገባች።
የት እንደዋለች እስካሁን አልነገረችኝም።