የጠፋው የቫልቭ ክዳን

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ከጠዋቱ 5 ሰዓት

ከጠዋት ጀምሮ አምስት ጎማ። ሁለቱን ሚስማር በስቷቸዋል፣ አንዱን ድንጋይ ቆርጦታል፣ የቀሩት ዝም ብለው ያረጁ ናቸው። ኮምፕሬሰሩ ዛሬም ያስላል። የመሐመድ ሞጌ ሰፈር አቧራ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብቷል። የእግሬ ሕመም ጎንበስ ስል ይብሳል።

ኑ. አለፈ። በመኪናዬ። ጥሩንባውን ሁለቴ ነፋ፣ አንድ አጭር አንድ ረጅም። አነፋፉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ቸርኬ እየመታሁ ነበር፣ ከሚገባው በላይ መታሁት። የጎማው ባለቤት በሱማልኛው ዋርያ፣ ቀስ በል አለኝ።

ስሙን ሙሉ አልጽፍም፣ ደብተሬ። አንቺ ላይ ሙሉ ስም የሚገባው ሰው አይደለም።

ስምንት ወር ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የበርበራን መንገድ ነድቼ አንድ ቀን የፊት ግራ ጎማ ፈነዳብኝ። መኪናው ተገለበጠ፣ እግሬ ተሰበረ። ኑ. ረዳቴ ነበር፣ እንደ እኔ ለሥራ ድንበር የተሻገረ። ስድስት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተናል፣ አንድ ጋቢና ውስጥ ተኝተናል። እኔ ሆስፒታል ሳለሁ የመኪናው ባለቤት ሐጂ ጠራውና ምን እንደሆነ ጠየቀው። ኑ. እጁን ቁርኣን ላይ ጭኖ ማለ። ሰይድ ጫት ጉንጩ ውስጥ እንደወተፈ እንቅልፍ ወሰደው አለ።

ጫት ቀምሼ አላውቅም። ሹፌሮቹ ሲቅሙ ሻይ ይዤ ዳር የምቀመጠው እኔ ነበርኩ፣ በዚህም ይስቁብኝ ነበር። አሁን ደግሞ በሌላ ይስቃሉ። ቁልፉ ለኑ. ተሰጠ፣ ለእኔ ክሪክና መዶሻ ቀረኝ።

ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም። አልረሳም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8። 9 ሰዓት ተኩል

ሥራ የለም። ሙቀት።

የዘይነባ የእህት ልጅ ባለፈው ስትመጣ ስልኬ ላይ አንድ የሚያወራ ማሽን ጭናልኝ ሄዳለች። ትጽፍለታለህ፣ ይመልስልሃል። አማርኛው ዜና አንባቢ ይመስላል። ዘይነባ ባሌ ከስልክ ጋር ማውራት ጀመረ ብላ ለጎረቤት ነግራለች።

መጀመሪያ ፈተንኩት። ስለ በርበራ መንገድ ጠየቅኩት። ግራር፣ ፍየልና ድንጋይ ብቻ ባለበት ቦታ ማደያ አለ አለኝ። የለም አልኩት። ልክ ነህ፣ ተሳስቻለሁ አለ። አዲስ ረዳት ነው፣ ሁሉን እሺ ይላል።

ከዚያ የምፈልገውን ጠየቅኩት። ስም የሌለው ደብዳቤ ለሐጂ ጻፍልኝ፣ ኑ. ጫት እየቃመ ይነዳል በል አልኩት። አይተኸዋል ወይ አለኝ። አላየሁም አልኩ። እንግዲያው አልጽፍም፣ የሆነውን በትክክል መጻፍ ከፈለግህ ግን አግዝሃለሁ አለ። ስልኩን ልወረውረው ነበር። ከዚያ ግን ነገርኩት፣ ሁሉንም፣ በሁለት ጣት እየለቀምኩ።

ሲያጽናናኝ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ስለ ጎማው ጠየቀኝ። ስንት ወሩ ነበር? ሁለት ወር። ጭነቱ ከልክ በላይ ነበር? አልነበረም። ከመፈንዳቱ በፊት ንፋሱን የነካው ሰው አለ?

ከዚያ ደብተሬን አወጣሁ፣ አንቺን። ሹፌር ሳለሁ የምጽፍብሽ ጎማ ብቻ ነበር፣ የትኛው መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደዞረ። የዚያን ቀን ገጽ ፈለግኩ። በራሴ እጅ እንዲህ ይላል፦ "በርበራ። ከዙሁር ሶላት ስመለስ ፊት ግራ የቫልቭ ክዳን የለም። ኑ. ወደቀ አለ። ተቆጣሁት።"

ክዳን ብቻውን አይወድቅም። ጠምዝዞ የሚፈታው ሰው ነው። የሚፈታውም ንፋስ ሊሞላ ወይም ሊያስተነፍስ ነው። እኛ በምንጭንበት ቦታ መሙያ የለም።

ለማሽኑ ነገርኩት። እንዲህ ሲል መለሰ። የጋለ ጎማ ንፋሱ ይጨምራል፣ ይህ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ የሚያስተነፍስ ሰው ጎማውን ያላላዋል። የላላ ጎማ ጭነት ሲያርፍበት ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ይብስ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ጎማ የሚለካው ሲቀዘቅዝ ነው። ለኑ. ስድስት ዓመት ሙሉ የነገርኩት ይኸው ነው፣ በእነዚሁ ቃላት። የጋለ ጎማ አታስተንፍስ፣ የጋለ ጎማ አታስተንፍስ። እሱ ደግሞ ጋሼ ሊፈነዳ ነው እኮ ይል ነበር፣ ወጥሮ ሲያየው ይፈራ ነበር።

ይህን ከየት አመጣኸው አልኩት ማሽኑን። ሰዎች ከጻፉት ተምሬ ነው አለ፣ ከሹፌሮች፣ ከመካኒኮች፣ ከአስተማሪዎች። እንግዲህ በሆነ አገር እጁ የተቃጠለ አንድ ጎሚስታ ይህን ጽፏል። አላውቀውም፣ አያውቀኝም። ዛሬ መሰከረልኝ።

እኔ ልሰግድ ስሄድ አስተነፈሰው። ጎማው ፈነዳ። ጥፋቱን በእኔ ላይ ማለ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10። ከሰዓት

ኮድቡር ሰፈር ሄድኩ፣ ሐጂ ቤት። በባጃጅ፣ እግሬን ዘርግቼ። ደብተሬን ይዤ።

ሐጂ በደንብ ተቀበለኝ፣ ሻይ በወተት አስመጣ። ገጹን አሳየሁት። አማርኛ አያነብም፣ እኔው አነበብኩለት፣ በሱማልኛ ተረጎምኩለት። በኋላ እንዲህ አለኝ፦ ሰይድ፣ ይህን የጻፍከው አንተ፣ ያነበብከው አንተ፣ የተረጎምከው አንተ። እሱ ግን በቁርኣን ማለ። በእኔ ቤት መሐላን የሚፈታው የማለው ሰው ነው፣ ሌላ ማንም አይፈታውም።

ስመለስ በመንገድ ሙሉ ጥርሴን ነከስኩ። ዘይነባ ምን አለህ አለችኝ። ነገርኳት። ለአላህ ተወው አለች። አላህ ለእኔም ሁለት እጅ ፈጥሮልኛል አልኳት። ደግሞ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ተናደድኩ፣ በእሷም በዓይኔም።

ማሽኑን ጠየቅኩት፣ በሐሰት የማለብህን ሰው ሰዎች ምን ያደርጉታል ብዬ። ረጅም መልስ ሰጠኝ። ውስጡ ብዙ ሰው ተሰብስቧል መሰለኝ። መጀመሪያ አንድ ቃዲ ተናገረ፣ የሐሰት መሐላ ከታላላቅ ወንጀሎች ነው አለ። ከዚያ አንድ ደም የሚመልስ ሰው፣ ከዚያ ፍርድ ቤት የሚያውቅ። መጨረሻ ላይ የእናቴ ድምፅ መጣ፦ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል አለኝ። ዘጋሁት። የእናቴን ተረት ማን ሰጠው? ሁሉም እዚያ ውስጥ ገብቶ ሲያወራ እኔ የምፈልገውን የሚል አንድ ሰው ይጥፋ?

እሑድ፣ ሐምሌ 13። 6 ሰዓት

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ።

ኑ. መጣ። እዚህ፣ እኔ ጋ። መኪናውን ደጃፌ ላይ አቆመ። ከስቷል። ዓይኔን አላየም፣ ጋሼ አለኝ ግን። ጋሼ ለማለት አላፈረም። የፊት ግራው ጎማ መሪውን ይስባል አለ፣ ሌሎቹ ጎሚስታዎች ጋ ወረፋ ነው፣ ነገ ከሰዓት ወደ በርበራ እወርዳለሁ፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ ጭኜ እመለሳለሁ።

ክሪኩን አስገባሁ፣ ጎማውን አወረድኩ። መሐሉ ደህና ነው። ሁለቱ ትከሻዎቹ ግን ተላጭተዋል፣ ውስጡ ግሎ የቀዘቀዘ ጎማ ይሸታል። እንዲህ የሚበላው የላላ ጎማ ነው። ዛሬም ያስተነፍሳል። ስድስት ዓመት ነግሬው፣ መኪና ገልብጦ፣ እግር ሰብሮ፣ ዛሬም። ቫልቩ ላይ ክዳን የለም።

ደህና ነው ወይ ጋሼ አለኝ።

ዓይኑን አየሁት። ደህና ነው፣ ንዳው አልኩት።

መልሼ ገጠምኩለት። ብሎኖቹን እንኳ በሚገባ አጠበቅኩ። ለእጅህ አለኝ፣ አልተቀበልኩም። ሄደ። አንድ አጭር አንድ ረጅም።

ምንም አላደረግኩም፣ ደብተሬ። ሚስማር አልሰካሁም፣ ብሎን አላላላሁም። አንድ ቃል ብቻ በአፌ አስቀረሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰበሰብኩት የራሴ ነው፣ ለማን እንደምሰጥ የማውቀው እኔ ነኝ። ስልክ አለው፣ ማሽኑን ይጠይቅ። አይጠይቅም። አውቃለሁ የሚል ሰው አይጠይቅም።

ምሳ ሁለት ሰሃን በላሁ። ዘይነባ ምን አገኘህ ዛሬ አለችኝ። ፊቴ ስቆ ነበር መሰለኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14። 10 ሰዓት

ኑ. ወርዷል። ሲያልፍ አየሁት።

ደስታው ትናንት የነበረውን ያህል አይደለም። ምክንያቱን አላውቅም። ሙቀቱ ይሆናል።

አንድ ክፉ ነገር አሰብኩ። ማሽኑ ሐሙስ ለእኔ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ከመሐል ተቀመጠ። በኑ. በኩል ብጽፍለትስ? ፊት ለፊት ይገሥጸው፣ እኔም ልስማ። እናም ኑ. ሆኜ ጻፍኩ። አለቃዬ ሊሰግድ ሲሄድ ጎማውን አስተነፈስኩ አልኩ። ሊፈነዳ መስሎኝ ነው። ተገለበጥን። ባለቤቱ ሲጠራኝ ፈራሁ። እናቴ ከምልክላት ነው የምትበላው፣ እውነቱን ብናገር ከዚህ አገር መባረሬ ነው። አለቃዬ ሆስፒታል ነበር፣ የሚሞት መሰለኝ፣ ሙት አይጎዳም ብዬ ማልኩ።

ይህን ማን ጻፈው? የእኔ ጣት ነው። ግን የሚሞት መሰለኝ የሚለውን ከየት አመጣሁት? ኑ. ነግሮኝ አያውቅም። ደሙ ሲፈስ ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ አስደግፎ ሲጮህ ትዝ አለኝ፣ ያ ነው።

ማሽኑ አልሰደበኝም። ያደረግከው ከባድ በደል ነው አለኝ፣ ፍርሃትህ ግን ይገባኛል። ተናደድኩ። ለእኔም ገባው፣ ለእሱም ገባው። ሁለት ምላስ አለው ልል ነበር፣ ውስጡ ያለው ሰው ሁሉ ስለሆነ ሁለት ብቻም አይደለም። ስንት በዳይ ስንት ተበዳይ ጽፎለታል። የኑ. ዓይነቱም ሳይጽፍለት አልቀረም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። የማልክበት ሰው በሕይወት አለ? አለ አልኩ። አንተም አለህ አለ፣ እንግዲያው መሐላህን ለመመለስ ገና ጊዜ አለህ፤ ከሁለታችሁ አንዱ ከሞተ ግን ይህ ዕድል ይዘጋል።

ስልኩን አስቀመጥኩት። ጎማ የሚያስጠግን ሰው መጣ፣ ተመለስ ነገ አልኩት። ሥራ መልሼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

አልበላሁም። ዘይነባ ሳምቡሳ አስቀምጣልኝ ዋሄን ገበያ ወጣች፣ ሳምቡሳው እዚያው ነው።

እያሰብኩ ነው። ኑ. ዛሬ ቀትር ላይ ይጭናል። ሲጭን ጎማው ይወጥራል፣ ፀሐዩ ይጨምርለታል፣ እሱ ጎንበስ ይልና ክዳን የሌለውን ቫልቭ ይነካል። ከዚያ ዳገቱን ይጀምራል። መሪው በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ሲበጠስ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እጄ ዛሬም ያውቀዋል።

ይገለበጥ። ደህና። ሬሳው ይምጣ። ሐጂ ያለቅሳል፣ ሹፌሮቹ ያለቅሳሉ፣ ኑ. ደግ ልጅ ነበር ይላሉ። ሙት አይወቀስም። መሐላውስ? መሐላው አብሮት ይቀበራል። መሐላን የሚፈታው የማለው ሰው ነው፣ ሐጂ እንዳለው። ሰይድ እስኪሞት ጫት ቃሚ ሆኖ ይኖራል፣ ከሞተም በኋላ። ኑ.ን የሚጠይቅልኝ አይኖርም።

እኔ ቂል። እሑድ ያተረፍኩ መስሎኝ ሁለት ሰሃን በላሁ። የያዝኩት የእሱን ሞት ነበር፣ ስሜም ከውስጡ ነበር።

አይሞትም። በእኔ ፈቃድ አይሞትም። ይኑር፣ ጎማውን ይጠብቅ፣ ዳገቱን በሰላም ይውጣ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኮድቡር፣ ሐጂ ፊት፣ ያንኑ ቁርኣን። እጁን የሚያስቀምጥበትን ቦታ እኔ አሳየዋለሁ። ሹፌሮቹም ይቀመጡ፣ አንድም ሳይቀር። ይናገር፣ እያንዳንዱን ቃል፣ ቀስ ብሎ። ድምፁ ሲሰበር አላግዘውም። ከዚያ በኋላ ይቅር እለው አልለው ገና አላውቅም፣ እሱን ማሽኑም አይነግረኝም።

5 ሰዓት ከሩብ

ደወልኩ። አልተነሳም። ጭነት ላይ ነው፣ ጫጫታ ነው።

ድጋሚ። አልተነሳም።

ምን እንደምለው አውቃለሁ። ኑሩ፣ ዋሽቼሃለሁ፣ ጎማው ደህና አይደለም፣ አትንካው፣ ጭነቱን አውርድ፣ ሌላ ጎማ እልክልሃለሁ። ኑሩ፣ ከአንተ ጋር ገና አልጨረስኩም። ሙሉ ስሙን ጻፍኩ፣ ይሁን።

ሦስተኛ ነው። እየጠራ ነው። አንሳው ኑሩ። አንሳ